ምድር ለመቃጠል ብቻ አልተፈጠረችም፦ ስለ ፍጥረት ዓላማ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአራት ኪሎና በፒያሳ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰነበተ። ፎቶ ኮፒ እየሆነ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የተነሡበት ጥያቄ ግን ትልቅ ነው። እግዚአብሔር ይህን ዓለም የፈጠረው ለምንድን ነው? ከማስተምራቸው ልጆች አንዳንዶቹ «መምህር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ አምጥተው ሰጡኝ። ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ «ምድር ልትቃጠል ከሆነ እኔ ምን ብዬ ነው ሌሊት ሌሊት የማጠናው?» አለችኝ። የምሯን ነበር። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። እግዚአብሔር ብቻውን ስለነበር የሚያመሰግነው ፈልጎ ፈጠረን። አዳም ሲበድል ዕቅዱ ተበላሸ፤ ክርስቶስ የመጣው ያንን ለመጠገን ነው። ሰው የተፈጠረው የወደቁትን መላእክት ቦታ እንዲሞላ ነው፤ ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ምድር የእሳት ናት፤ ለእሷ የሚለፋ ሰው ዕድሜውን ያባክናል። ለእያንዳንዳችን ከዘላለም የተቆረጠ ስኬት አለ፤ እሱን ማግኘት ነው። በመጨረሻም የሚሆነው ሁሉ፣ የልጅ ሞትም ቢሆን፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ የፈለገው ስለሆነ አማኝ ማልቀስ የለበትም።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ጸሐፊው ጸሎት እንድናዘወትርና ገንዘብን እንዳናመልክ መክረዋል። ኑሮ ሁላችንንም ወጥሮ ይዞን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬያችን ብር ብቻ በሆነበት ጊዜ ሰማይን ማስታወስ ያስመሰግናል። እኔን ያላስማማኝ ምክሩ የቆመበት መሠረት ነው። መሠረቱ ሲጣመም ምክሩም ሰውን ይጎዳል። ጎድቶም አይቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «እግዚአብሔር ብቻውን ነበር» ይላሉ። ይህንን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት እንደግማለን። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች መሠረቱን የጣሉት ጸሎት ነው። ስለ ወልድ ሲናገር «ዓለም ሳይፈጠር ከእርሱ ጋር የነበረ» ይላል። አብ ያለ ወልድና ያለ መንፈስ ቅዱስ የኖረበት ጊዜ የለም። ጌታም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ወደ አባቱ ሲጸልይ «ዓለም ሳይፈጠር ስለ ወደድኸኝ» ይላል። እንግዲህ ሰማይና ምድር ከመኖራቸው በፊት ፍቅር ነበረ። በሥላሴ ዘንድ ብቸኝነት አልነበረም። ስለዚህ የፈጠረን ለብቸኝነቱ ማስረሻ ሊሆን አይችልም።

ጳውሎስም አቴና ላይ፣ በአርዮስፋጎስ መካከል ቆሞ፣ እግዚአብሔር «አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም» ብሏል። ሕይወትንና እስትንፋስን ለሁሉ የሚሰጠው እርሱ ነውና። ምስጋናችን እርሱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያተርፈው አመስጋኙ ነው።

ጸሐፊው ሰው የተፈጠረው «ስሙን ለመቀደስ» ነው የሚለውን የአባቶች ትምህርት ጠቅሰዋል። ትክክል ነው። ግን እዚያው ላይ አቆሙ። አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ «ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ» ይላሉ። ሁለተኛው ግማሽ ከሌለ ሰው ለምስጋና ሥራ የተቀጠረ አገልጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አገልጋይ ብቻ የፈለገ ጌታ ደግሞ ርስቱን አያወርስም። እግዚአብሔር ግን የራሱን ክብር ሊያካፍለን ፈጠረን። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስም ያስተማረው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ቸር ነው፤ ቸር ደግሞ በማንም አይቀናም፤ ስለዚህ ለማንም መኖርን አልነፈገም፤ በቃሉ ሁሉን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣ። የፍጥረት መነሻ ይህ ቸርነት ነው። አንድ ወጣት «እግዚአብሔር የፈጠረኝ ስለሚያስፈልገው ነው» ብሎ ሲያምንና «የፈጠረኝ ስለወደደኝ ነው» ብሎ ሲያምን ጸሎቱ ራሱ ይለያያል። የመጀመሪያው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ሁለተኛው ውለታ ያለበት መሆኑን ያውቃል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «አዳም ሲበድል ዕቅዱ ተበላሸ፤ ክርስቶስ መፍትሔ ሆኖ ታሰበ» ይላሉ። ማስረጃቸው የአምስት ቀን ተኩሉ ቃል ኪዳን ነው። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ፣ ጌታ «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» እንዳለው የምንማረው ነው። አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ይቆጠርና 5500 ዓመት ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) የሚያውቅ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለምን (ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን) የሚያገኘው በዚህ ነው። ጸሐፊው እንግዲህ «ቃል ኪዳኑ የተሰጠው ከበደል በኋላ ስለሆነ የክርስቶስ መምጣት የታሰበውም ከበደል በኋላ ነው» ብለው ደመደሙ።

ድምዳሜው ግን ከማስረጃው አይወጣም። ለአዳም ቃል የተነገረው በጊዜ ውስጥ ነው። አዳም ሊሰማው በሚችልበትና በሚያስፈልገው ሰዓት ተነገረው። አሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ የመረጠን ዓለም ሳይፈጠር ነው ይላል። ዝቅ ብሎም አሳቡ ምን እንደሆነ በግልጽ ይነግረናል፤ «በሰማይና በምድር ያለውን ሁሉ በክርስቶስ ለመጠቅለል ነው»። በምዕራፍ 3 ደግሞ ይህንኑ «የዘላለም አሳብ» ይለዋል። ጴጥሮስም ስለ ክርስቶስ «ዓለም ሳይፈጠር እንኳ አስቀድሞ ታወቀ» ብሏል። የቆላስይስ መልእክት ከሁሉም ይበልጥ ይጠቀልለዋል፤ «ሁሉ በእርሱና ለእርሱ ተፈጥሮአል»። ዓለም የተፈጠረው ለክርስቶስ ከሆነ፣ ክርስቶስ የዓለም ጥገና ሠራተኛ ሆኖ በኋላ የተጨመረ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ጥያቄ መኖሩን አልክድም። አዳም ባይበድል ኖሮ ወልድ ሰው ይሆን ነበር ወይ? በምዕራቡ ዓለም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላላቅ መምህራን በዚህ ተለያይተዋል። ቶማስ አኩዊናስ መጽሐፍ የሥጋዌን (የወልድን ሰው የመሆን) ምክንያት ሁልጊዜ ከኃጢአት ጋር ስለሚያያይዘው «ባይበድል ኖሮ አይሆንም ነበር» ወደሚለው አዘነበለ። ዱንስ ስኮተስ ደግሞ የክርስቶስ ክብር በአዳም ውድቀት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም ብሎ ተከራከረ። እኔ ያልሆነውን ነገር «ቢሆን ኖሮ» ብዬ ልፈርድ አልደፍርም። የሆነውን ግን እናውቃለን። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ክርስቶስ የአዳምን ጉዞ እንደገና ከመነሻው ጀምሮ በራሱ እንደጠቀለለውና ወደታሰበለት ፍጻሜ እንዳደረሰው አስተምሯል። አዳም ገና የሚያድግ ነበር። መድረሻው ክርስቶስ ነው። ኃጢአት መንገዱን ደም አለበሰው፤ መድረሻውን ግን አልቀየረውም።

በቅዳሴ ማርያም «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ፣ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ። ኃያል ወልድን ከዙፋኑ የሳበው፣ እስከ ሞትም ያደረሰው ፍቅር ነው። ቅዳሴው «ዕቅድ ስለተበላሸበት» አይልም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ነገደ መላእክት መቶ ነበሩ፣ የሳጥናኤል ነገድ ሲወድቅ ዘጠና ዘጠኝ ቀሩ፣ መቶኛው አዳም ሆነ የሚለው ትምህርት በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። የጠፋው በግ ምሳሌም በዚህ ይተረጎማል። ችግሩ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ሰውን ክፍት ቦታ መሙያ ማድረጋቸው ነው። ምሳሌውን እስቲ ረጋ ብለው ያንብቡት። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው ቁጥሩ ስለጎደለበት ቢሆን ኖሮ ሌላ በግ ገዝቶ ይሞላው ነበር። ያችኑ የጠፋችውን ነው የፈለገው። ሲያገኛትም በጫንቃው ተሸከማት። በሉቃስ ወንጌል ቁጥሩ ሞልቶ ስለሚዘጋ በር የተጻፈ ነገር የለም። አንድ ኃጢአተኛ ሲመለስ በሰማይ ስለሚሆን ደስታ ግን ተጽፏል።

አራተኛው ነጥብ ነርስነት የምትማረውን ልጅ ያስደነገጣት ነው። «ምድር የእሳት ናት፤ የሚተክል፣ የሚገነባ፣ የሚማር ሁሉ ለእሳት ማገዶ ያዘጋጃል» ይላሉ። የቆሙበት ጥቅስ 2ኛ ጴጥሮስ 3፡10 ነው። ጥቅሱ አለ። ሰማያት በታላቅ ድምፅ ያልፋሉ፣ ፍጥረትም በትልቅ ትኩሳት ይቀልጣል ይላል። ማንም ሊያለዝበው አይገባም። ግን ጴጥሮስ ከዚያ አራት ቁጥር ከፍ ብሎ ምን አለ? በኖኅ ዘመን የነበረው ዓለም በውኃ ሰጥሞ ጠፋ አለ። በእርግጥም ጠፍቶ ነበር። ኖኅ ከመርከብ ሲወጣ የረገጠው ግን ያችኑ ምድር ነው። ወይን የተከለውም እዚያው ነው። የጠፋው ክፋቷ ነበር። ጴጥሮስ እሳቱን ከጥፋት ውኃ ጋር አጣምሮ ያቀረበው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ ጽድቅ የሚኖርባትን አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር እንጠብቃለን ይላል። ጸሐፊው ከቁጥር 6 እና ከቁጥር 13 መካከል ቁጥር 10ን ብቻ አወጡት።

ነቢዩ ሚልክያስ የጌታን መምጣት «እንደ አንጥረኛ እሳት» ብሎታል። የአንጥረኛን እሳት ለማየት ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጋ መሄድ ይበቃል። አንዲት ሴት የተበጠሰ ሀብል ይዛ ትገባለች። አንጥረኛው ይመዝነዋል፤ ከዚያ በእሳት ያቀልጠዋል። ዓይኗ እያየ የሀብሉ ቅርጽ ይጠፋል። ቆሻሻው ይለያል። ለማያውቅ ሰው ንብረቷ የወደመ ይመስለዋል። በቀጠሮዋ ቀን ቀለበት ሆኖ የምትረከበው ግን የራሷን ወርቅ ነው። አንጥረኛ ወርቅን ለመጣል ብሎ እሳት አያነድም።

ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 8 የሚለውም ይህንኑ ነው። ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን አብሮ እየቃተተ በምጥ ነው ይላል። ምጥ ነው እንጂ ጣር አላለውም። ፍጥረት ከጥፋት ባርነት ነፃ ወጥቶ ለእግዚአብሔር ልጆች ክብር ነፃነት እንዲደርስ ተስፋ አለው። በራእይ መጨረሻም በዙፋን የተቀመጠው «እነሆ፥ ሁሉን አዲስ አደርጋለሁ» አለ። ያለውን ሁሉ አዲስ ያደርገዋል። ሁሉን ጥሎ ከዜሮ አይጀምርም።

የክርስቶስ ትንሣኤ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከመቃብር የወጣው በዚያው በተሰቀለው ሥጋ ነው። ለቶማስ የችንካሩን ምልክት አሳየው። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ በላ። ያረገውም በዚሁ ሥጋ ነው። የሰው ሥጋ፣ ከምድር አፈር የተበጀው ሥጋ፣ ዛሬ በአብ ቀኝ አለ። እግዚአብሔር ግዑዙን ዓለም ሊጥለው ቢያስብ ኖሮ ለምን ይህን ያህል ለዘላለም ይዋሐደዋል?

ለእኛማ ነገሩ ከአፍንጫችን ሥር ነው። እሁድ ሌሊት ከቤተ ልሔም (የቁርባኑ ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤት) የሚወጣውን አስቡት። የስንዴ ኅብስት ነው። ወይኑም ከዘቢብ የተዘጋጀ ነው። ስንዴውን ገበሬ አርሶታል፣ ወፍጮ ፈጭቶታል፣ ዲያቆን አቡክቶ ጋግሮታል። የምድር ፍሬና የሰው ልፋት ተሸክመው መንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ክርስቶስን ሆነው ይሰጡናል። ይህን የሚቀበል ሰው «ምድር ማገዶ ናት» ሲል መስማት ልቤን ያሳዝነዋል። አባቶች ከሰውና ከመላእክት ውጭ ያለው ፍጥረት «ለአንክሮ ለተዘክሮ» ተፈጠረ ይላሉ። እንድንደነቅበት፣ ፈጣሪንም እንድናስብበት ነው። አዲስ አበባ መሀል ላይ ያደጉ ጽድና ወይራ ለማየት ወደ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ እንገባለን። እነዚያን ዛፎች ጠብቀው ያቆዩልን አባቶች የዓለምን ፍጻሜ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም።

በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ቤቶች ሲነሡ ዶሮ ማነቂያ አንዲት እናትን ዕቃ በማጓጓዝ አግዤ ነበር። አይሱዙው ሞልቶ፣ አልጋውና ቁምሳጥኑ ታስሮ፣ ሾፌሩ «እንሂድ» እያለ ነው። እሳቸው ተመልሰው ወደ ጓሮ ገቡ። በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተተከለች ጤና አዳም ይዘው ወጡ። ከኋላ አንጫንም፣ ትሰበራለች አሉ። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በጉልበታቸው አቀፏት። ሄደው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አኖሯት። የጸሐፊው ትምህርት ለእኚህ እናት ምን ይላቸዋል? «ለእሳት ማገዶ» ይላቸዋል። ዘፍጥረት 2፡15 ግን እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው ይላል። እኔ እኚህን እናት ያየኋቸው የአዳምን የመጀመሪያ ሥራ ሲሠሩ ነው።

ነርስነት ለምትማረው ልጅም የመለስኩላት ይህንን ነው። ጌታ ሕሙማንን የፈወሰው የሚያልፍ ሥጋ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቁስል ማጠብ፣ ትኩሳት መለካት፣ ሌሊት የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መንቃት ከዘላለሙ አሳብ ጋር አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሥራ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 65 ስለ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ሲናገር ቤት ሠርተው ስለሚቀመጡ፣ ወይን ተክለው ፍሬውን ስለሚበሉ ሰዎች ይናገራል። ሌላ እንዲቀመጥበት አይሠሩም ይላል። ጥናቷን ቀጥላለች፤ ደስ ብሎኛል።

አምስተኛው ነጥብ ስለ ግል ስኬት ነው። ጸሐፊው ኤርምያስ 29፡11ን ይጠቅሳሉ፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ»። ከዚህ ተነሥተው ለእያንዳንዱ ወጣት የተቆረጠ ሥራ፣ ትዳርና ሀብት አለ፤ ካላገኘው ከእግዚአብሔር ዓላማ ውጭ ወድቋል ይላሉ። ይህ ሥራ ፈላጊ ወጣት ትከሻ ላይ የሚጣል ከባድ ሸክም ነው። ሲቪ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ለዋለ ልጅ «እግዚአብሔርም አላሰበህም» ማለት ነው።

ያ ቃል የተላከው ለማን ነበር? ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ደብዳቤው ራሱ ሰባ ዓመት እንደሚቆዩ ይነግራቸዋል። ሲነበብ ከሰሙት አብዛኞቹ ኢየሩሳሌምን ሳያዩ እዚያው አርጅተው ሞተዋል። አሳቡ ግን ለእነሱም ነበረ፤ የሕዝብ አሳብ ነውና ከአንድ ሰው ዕድሜ ይረዝማል። ደብዳቤው እስከዚያ ምን እንዲያደርጉም ይነግራቸዋል፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ። ጸሐፊው ቁጥር 11ን ሲጠቅሱ ቁጥር 5ንና 7ን አልፈዋቸዋል። እነዚያ ቁጥሮች ደግሞ አራተኛውን ነጥባቸውን በቀጥታ ያፈርሱታል። ዘላለማዊው ዓላማ የግል ስኬት ካርታ አይደለም። ሁሉ በክርስቶስ የሚሰበሰብበት አሳብ ነው። እዚያ ውስጥ ሥራ ያጣውም፣ ያላገባችውም፣ ታሞ የተኛውም ሙሉ ቦታ አላቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፣ ብዕር ወዳስነሣኝ ልምጣ። «የሆነው ሁሉ ከዘላለም የተፈለገ ነው፤ ስለዚህ አታልቅሱ» ይላሉ።

ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ልቅሶ ነበር። የሞተው ገና ወጣት ነው። የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ንፍሮ ይዞራል። እናቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጽሑፉን ያነበበች አንዲት ልጅ ልታጽናናት አጠገቧ ቁጭ አለች። ክፋት የላትም፤ ከልቧ ነው። «እማማ፣ አታልቅሺ፤ ይህ ከዘላለም በፊት እግዚአብሔር የፈለገው ነው» አለቻት። እናትየዋ ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ አየቻትና «ታዲያ ልጄን የገደለብኝ እሱ ነው?» አለቻት። ልጅቷ የምትመልሰው አጣች። በድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ የምንለው ጠፋን።

ጥያቄው የእናትየዋ ጥፋት አይደለም። ከትምህርቱ ቀጥታ የሚወጣ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመጽሐፍ ጋር እናስተያየው። መጽሐፈ ጥበብ «እግዚአብሔር ሞትን አልፈጠረም» ይላል፤ በሕያዋን መጥፋትም ደስ አይለውም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ሞትን የሚሻር ጠላት ብሎ ይጠራዋል፤ ከሁሉ በኋላ የሚሻር ጠላት። እግዚአብሔር ከዘላለም የወደደውን ነገር ጠላቱ አድርጎ አይሽረውም። ጌታ ራሱ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። ትንሣኤን በእጁ የያዘው ካለቀሰ፣ ትንሣኤን በተስፋ ለምትጠብቅ እናት «አታልቅሺ» የሚል ሥልጣን ከየት መጣ?

በሰሊሆም ግንብ ተጭኖ የገደላቸውን 18 ሰዎች ነገር ሲያነሣም ጌታ «ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለሆኑ ነው» የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። የእያንዳንዱን ሞት ምክንያትም አልዘረዘረም። የሰሙትን ንስሐ እንዲገቡ ነገራቸው። እርሱ ዝም ያለበትን እኛ ልቅሶ ቤት ገብተን ልንዘረዝር አይገባንም።

የጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ የሐዋርያት ሥራ 2፡23 ነው። ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ፣ ክርስቶስ በእግዚአብሔር በተወሰነው አሳብና በቀደመው ዕውቀት ተሰጠ ይላል። ጸሐፊው «የመስቀሉ ግፍ እንኳ ከታሰበ የቀረውማ እንዴት አይታሰብ» ይላሉ። ቁም ነገር ያለው ሙግት ነው፤ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባል። በዚያው ቁጥር ጴጥሮስ ሁለት ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። አሳቡ መሰጠቱ ነው፤ አብ ልጁን መስጠቱ፣ ወልድም ራሱን መስጠቱ። መግደሉን ግን «በዓመፀኞች እጅ» አለው። ግፉ ግፍ ሆኖ ቀረ። እግዚአብሔር ግፉን አሸንፎ መድኃኒት አደረገበት እንጂ ግፉን ጽድቅ ነው አላለውም። ዮሴፍም ለወንድሞቹ «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ሲል የእነሱን አሳብ ክፉ ከማለት አልተመለሰም። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር መልካም ማውጣት ይችላል። ክፉውን ግን ስለሚያስፈልገው አልወለደውም።

እንደዚህ ካልሆነማ የዘላለሙ አሳብ ራሱ ይፈርሳል። አሳቡ ሞትን መሻር ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር ሁሉ በሁሉ ይሆናል ይላል ያው 1ኛ ቆሮንቶስ 15። ሞትን ከዚህ አሳብ ውስጥ አስገብተን «ይሄም ፈቃዱ ነው» ካልን ክርስቶስ ከመቃብር የተነሣው የአባቱን ፈቃድ አሸንፎ ሊሆን ነው። ይህን ደግሞ ጸሐፊውም እንደማይሉት አምናለሁ።

ያልተማሩት እናቶቻችን በዚህ ነገር ይበልጡናል። ልቅሶ ቤት ሲገቡ አንገት አቅፈው አብረው ያለቅሳሉ። ከዚያ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ይቀመጣሉ። «ነፍስ ይማር» ብለው ንፍሮውን ይቀምሳሉ። በእነዚህ ቃላት ውስጥ እግዚአብሔር የሚያጠና፣ የሚምር፣ ከሐዘንተኛዋ ወገን የቆመ ነው። የገደለ አይደለም። ያችን እናት በሰባተኛው ቀን ጠይቄአት ነበር። ስታለቅስ አገኘኋት፤ ጸሎቷንም አልተወችም። ያቺ ልታጽናናት የመጣችው ልጅ ከዚያ ወዲህ ደጋግማ ትጠይቃታለች፤ ዝም ብላ አጠገቧ ትቀመጣለች።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ እንከራከር፤ በፈለጉት ጊዜ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ፊት ተቀምጠን ብንነጋገር ደስ ይለኛል፤ መልሳቸውንም እንደዚህኛው ጽሑፍ አባዝቼ ለልጆቹ አድላለሁ። ስድስተኛውን ነጥብ ግን በሚቀጥለው ቅጂ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ። በእጃቸው ያለውንም ከማደላቸው በፊት ያንን ገጽ ይገንጥሉት።